የስድስተኛው ስዕል ልብስ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ ሱቄ ደብረ ታቦር ገበያው አፍ ላይ ነው፣ እዚያ ቁጭ ብሎ የማይሰማ ነገር የለም፣ ሱሪ ላሳጥር ብሎ የመጣው ሁሉ አንዱ ወንዝ ዳር ያየውን፣ አንዷ ከሞተች አክስቷ ጋር የተጨዋወተችውን ዘርግፎ ነው የሚሄደው፣ እኔ ደግሞ መርፌዬን በጥርሴ ነክሼ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያልኩ አዳምጥና በሩን ወጣ ሲሉ በሳቅ እፈርሳለሁ። ባሌ ጌታነህ "አንች እኮ ሰብሊ፣ ሙት ተነስቶ ቢመጣብሽ ልኩን ለክተሽ ማክሰኞ ና ብለሽ ነው የምትመልሽው" ይለኛል። እውነቱን ነው። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ምን እንደምል አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ካቶሊክ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፣ ደብረ ታቦር የመጣሁት ጌታነህን አግብቼ ነው። እዚህ ያለን ካቶሊኮች ብንሰበሰብ የጌታነህን ሚኒባስ አንሞላም፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች፣ በዝውውር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በቃ። ቤተ ጸሎታችን አንድ ግቢ ውስጥ ያለች ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ናት፣ ካህናችን አባ ዮሴፍ ሌላም ቦታ ስለሚያገለግሉ ሁልጊዜ አይገኙም፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ የምጠርገውም የማነጥፈውም እኔ ነኝ።

ጌታነህ ኦርቶዶክስ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤታችን ጠብ የሚነሳ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ ምን ጠብ አለ፣ ጾሙ አንድ ላይ ገብቶ አንድ ላይ ይፈታል፣ ሽሮውም የሚሠራው በአንድ ድስት ነው። እናቱ እማማ የሻረግ ብቻ ከገጠር ሲመጡ የድስቴን ክዳን ከፈት ያደርጉና "እናንተ ወተቱን ትጠጡታላችሁ አሉ?" ይሉኛል፣ እኔም "ኧረ እማማ፣ ወተቱንስ ማን አግኝቶ!" ስላቸው እየሳቁ ይከድኑታል። ደግ ሴት ናቸው፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ።

በጾሙ ዓርብ ዓርብ እኛ ፍኖተ መስቀል አለን። ለማታውቁት ላስረዳችሁ፣ ግድግዳው ዙሪያውን አሥራ አራት ስዕሎች ተሰቅለዋል፣ ጌታ ከተፈረደበት ጀምሮ እስከ ተቀበረበት ድረስ፣ እኛ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርን በየስዕሉ ፊት ተንበርክከን እንጸልያለን። ስድስተኛው ላይ አንዲት ሴት አለች፣ ቬሮኒካ ትባላለች፣ መስቀሉን ተሸክሞ ሲሄድ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ ላቡንና ደሙን በጨርቅ የጠረገችለት ናት። ይችን ሴት ያዙልኝ።

አምና ነው። ጾሙ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አባ ዮሴፍ ደወሉልኝና "ሰብለ፣ ለኒቆዲሞስ እሑድ ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ያለው መስቀልና ምስሉ በሐምራዊ ጨርቅ ይሸፈን፣ እስከ ትንሣኤ እንደተሸፈነ ይቆያል" አሉኝ። ልማዳችን ነው፣ ባሕር ዳር ልጅ ሆኜ አይቸዋለሁ፣ እዚህ ግን ጨርቁ ስላልነበረን ቀርቶ ነበር የኖረው። እኔ ደግሞ ሥራ ሲሰጡኝ እጄ አያርፍም፣ ወዲያው ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄጄ ሐምራዊ ጨርቅ አስቆረጥኩ።

"ለሰርግ ነው?" አሉኝ ሐጂ።

"ኧረ ሐጂ፣ ለቤተ ጸሎታችን ነው፣ ስዕሎቹን ለጾሙ ላለብሳቸው።"

"እንዲያ ከሆነ ደግ። ግን ልጄ፣ ይሄ ጨርቅ ቀለሙ ይለቃል፣ ውሃ እንዳታስነኪው፣ ኋላ ሐጂ አታለሉኝ እንዳትይ።"

"ስዕል ደግሞ ማን ያጥባል ብለው ነው!" ብያቸው ተሳስቀን ተለያየን። ይችንም ነገር ያዙልኝ።

ቅዳሜ ዕለት ጌታነህ ሥራ ስላልነበረው ሊያግዘኝ መጣ፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ መሰላል ሳያስፈልገው ነው ሚስማሩን የሚመታው። መስቀሉን ሸፈንን፣ የእመቤታችንን ሐውልት ሸፈንን፣ ከዚያ ለአሥራ አራቱም ስዕሎች በልካቸው የሰፋኋቸውን እያቀበልኩት እሱ ይሰቅላል፣ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ መዶሻውን ይዞ ቆም አለ።

"ይች ማን ናት?" አለኝ። ነገርኩት።

"እና ለምን ትሸፍኛታለሽ?"

"ሁሉም ይሸፈናል አሉ አባ፣ አንተ ምን አገባህ፣ ምታ!"

"አይ ሰብሊ፣ ሴትዮዋ እኮ ሥራ ላይ ናት። ሰው ሥራ ላይ እያለ ፊቱ ላይ ጨርቅ ይጣልበታል?" አለና እየሳቀ መታው። ከዚያ ወደ ስዕሉ ዞሮ "እመቤት፣ እኔ የለሁበትም፣ እሷ ናት ያዘዘችኝ" አላት። በሳቅ ሆዴን ይዤ ቀረሁ፣ እንደዚህ ነው ባሌ፣ ከመኪናው ሞተር ጋርም ያወራል።

እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት የስድስተኛው ስዕል ልብስ መሬት ወድቋል። ጌታነህን በሆዴ ሰድቤ መልሼ ሰቀልኩት፣ አሁን በሚስማር ብቻ ሳይሆን ከኋላ በክር ጠቅልዬ አሰርኩት፣ እኔ ያሰርኩት ክር ደግሞ በመቀስ ካልሆነ አይፈታም። ሰኞ ልጠርግ ስገባ ወድቋል። ክሩ አልተቆረጠም፣ ተፈትቷል። ጨርቁን ሳነሳው እርጥብ ነው፣ ጣቴን ሐምራዊ አደረገው፣ ደግሞ ዝም ብሎ የረጠበ አይደለም፣ ሰው ልብስ አጥቦ ሲጨምቀው እንደሚያደርገው ተጠማዟል።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ፣ ጣሪያው ያፈሳል ነው ያልኩት። መጋቢት ነው እኮ፣ ዝናብ ከጣለ ወራት አልፎታል፣ ግን ሰው ማሰብ የሚፈልገውን ነው የሚያስብ። ወጥቼ ቆርቆሮውን አየሁ፣ ደረቅ፣ በዚያ ግድግዳ በኩል የሚያልፍ ቧንቧም የለም። ጨርቁን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። እመኑኝ፣ እኔ የሰው ልብስ ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ብብቱ የተቀደደ ሸሚዝ፣ አንገቱ ያለቀ ኮት በየቀኑ ነው የሚመጣልኝ፣ የጨርቁ ሽታ ላብ ነበር። የታመመ ሰው ላብ፣ ያ ጎምዘዝ የሚለው። ነገሩ ቢከብደኝም "የዩኒቨርሲቲ ልጆቹ ናቸው፣ ሊቀልዱብኝ ነው" አልኩና ግቢ ውስጥ አስጥቼ ሲደርቅ መልሼ ሰቀልኩት። ልጆቹ ቁልፍ እንደሌላቸው ግን አውቃለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ብቻዬን እየጠረግሁ፣ ጠብ… ጠብ የሚል ሰማሁ። መጥረጊያውን አቆምኩ። ድምፁ ከስድስተኛው ስዕል በኩል ነው፣ ከዚያ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ሲራገፍ የሚሰማው ያ ጧ የሚል ድምፅ፣ አንዴ ብቻ። ጨርቁ ተሰቅሏል፣ አልተነቃነቀም። "ማነው?" አልኩ፣ በመጥረጊያው እንጨት ልማታ ይመስል አንስቼዋለሁ፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን መጥረጊያውን እዚያው ጥዬ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ማምሻ ላይ ጌታነህ ከሐሙሲት ተመልሶ ቤት ሲገባ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር። ቆላውን በታች በታች ሲመላለስ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ መኪና ውስጥ ሲተኛ ነው የሰነበተው፣ "ብርድ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ስጭኝ" አለኝ፣ ሰጠሁት፣ ብርድ ልብስ ደረብኩለት፣ ሲነጋ ግን የሚያወራው ሁሉ የተዘበራረቀ ሆነ፣ ስሜ እንኳ ጠፋበት፣ ከዚያ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ "ወባ ነው፣ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል፣ መድኃኒቱን ጀምረናል፣ አሁን መጠበቅ ነው" አለኝ። ይነቃል ወይ ብዬ ብጠይቀው እንደገና "እንጠብቅ" አለኝ። ያ ቃል እንዴት እንደሚያቃጥል የሰማው ያውቀዋል።

እማማ የሻረግ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ፣ ከጣራ ገዳም የመጣ ጠበል በጠርሙስ ይዘዋል። ልጃቸው ዓይኑ ተከድኖ፣ ላቡ በጉንጩ እየወረደ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ሆኖ ጠበቃቸው። ግንባሩን ስጠርገው ወዲያው ደግሞ ይረጥባል። እሳቸው በአንድ በኩል ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እኔ በሌላ በኩል መቁጠሪያዬን እቆጥራለሁ፣ አንዳችን ስታለቅስ ሌላዋ ታጽናናለች። ሲመሻሽ እጄን ያዙኝ።

"ዛሬ ዓርብ አይደለም? የናንተ ስግደት አይደለም?"

"እማማ፣ እንዴት ትቼው እሄዳለሁ?"

"ሂጅ ልጄ። እኔ አለሁለት። እዚህ ሆነሽ ፊቱን ከማየት በቀር ምን ታደርጊለታለሽ፣ ሂጅና በየስዕሉ ፊት ስሙን ጥሪልኝ።"

ሄድኩ። አባ ዮሴፍ አልመጡም፣ ጸሎቱን የመራው ጋሽ ሙሉጌታ ነው፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ከእኔም ይብስ እንዲህ ያለ ወሬ የማይሰማ ሰው ነው። ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ነው የቀራት፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀልቷል። ስዕሎቹ ሁሉ ተሸፍነዋል፣ የምንንበረከከው ለጨርቅ ነው። አንደኛው ላይ ጌታነህ አልኩ፣ ሁለተኛው ላይ ጌታነህ አልኩ፣ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ስድስተኛው ፊት ተንበረከክን። ጋሽ ሙሉጌታ ጀመረ፣ እኛም "በቅዱስ መስቀልህ ዓለምን አድነሃልና" ብለን መለስን፣ ዝም ስንል ጠብ… ጠብ። ወለሉ ላይ። ከጎኔ ያለችው ነርስ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ጋሽ ሙሉጌታም አንገቱን አዞረ፣ ሁሉም ሰምተዋል ማለት ነው፣ ብቻዬን አልነበርኩም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ጨርቁ ከውስጥ በኩል ገፋ አለ። ነፋስ እንዳልል ነፋስ ጨርቅን እንዴት እንደሚነፋ አውቃለሁ፣ ይሄ ክርን ነው፣ ከጨርቅ ሥር ሆኖ የሚሠራ ሰው ክርን። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ልብሱ ሸርተት ብሎ ጉልበቴ ሥር ወደቀ።

አነሳሁት። ርሷል፣ ያንጠባጥባል። የእርጥበቱን ነገር ተዉት፣ እሱን ለምጄዋለሁ፣ እኔን ያስጮኸኝ ሙቀቱ ነው። አሁን ከሰው ገላ ላይ የወለቀ ልብስ እንዴት እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው የሞቀኝ። ሰባተኛውን አልጠበቅኩም። ጨርቁን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ነጠላዬ ሐምራዊ እየሆነ፣ የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቁሜ ወደ ሆስፒታል በረርኩ፣ በልቤ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሞቷል። ሞቶ ነው የሚጠብቀኝ።

ክፍሉ ስገባ እማማ የሻረግ የሉም። ጌታነህ በጀርባው ተኝቷል፣ ዝም ብሏል፣ ደረቱ ግን ይንቀሳቀሳል። እጄን ግንባሩ ላይ ሳደርግ ቀዝቅዟል፣ ደርቋል፣ ጠብታ ላብ የለበትም። ፀጉሩ ወደ ኋላ ተደርጓል፣ ሰው ፊቱን ጠርጎ ሲጨርስ በእጁ መለስ እንደሚያደርገው። እና ከቅንድቡ በላይ፣ ጉንጩም ላይ፣ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ቀለም አለ።

ልክ ነው፣ እናንተም እንደምታስቡት ነው መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ያ ለአፍ ቁስል የሚቀቡት ሐምራዊ መድኃኒት አለ፣ እሱ ነው አልኩ። ተረኛዋን ነርስ ጠየቅኳት፣ "ኧረ እኛ ምንም አልቀባነውም" አለችኝ፣ መጥታ አይታ ግራ ገብቷት ሄደች። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ እግራቸው የተሰበረ አንድ የፎገራ ገበሬ ተኝተዋል፣ እሳቸው ናቸው ሳልጠይቃቸው የተናገሩት።

"ደግ እህት አለችሽ" አሉኝ።

"የትኛዋ እህት አባባ? እህት የለኝም እኮ።"

"አሁን የወጣችው። አሮጊቷ መድኃኒት ሊያመጡ ሲወጡ ገባች፣ በጨርቅ ፊቱን እየጠረገች፣ እየጨመቀች፣ እየጠረገች… አንድ ቃል አልተናገረችም። የእኔንም ፊት ጠርጋኝ ነው የሄደች፣ እግዜር ይስጥልኝ።" ዞር ብለው አዩኝ። ከጆሯቸው አጠገብ፣ ነጩ ጺማቸው ላይ፣ ሐምራዊ ነበር።

እማማ የሻረግ መድኃኒቱን ይዘው ተመለሱ፣ "በላብ ተነክሮ ነው ትቼው የወጣሁት" አሉ፣ ፊቱን አዩ፣ የእኔን ነጠላ አዩ፣ በእጄ ያለውን ጨርቅ አዩ። አማተቡና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው ሳሙት። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጌታነህ ዓይኑን ገለጠ። ውሃ ጠየቀ፣ ስሜን ጠራኝ፣ እኔ የዚያን ቀን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም፣ እማማ እልል ሲሉ ነርሷ ተቆጣቻቸው። ትንሽ ሲበረታ ወደ በሩ እያየ "ሄደች?" አለኝ።

"ማን?"

"ሴትዮዋ። ቸኩላ ነበር። ገና የምትሄድበት አለ፣ ፊቴን እየጠረገች በሩን በሩን ነበር የምታየው" አለና ተመልሶ ተኛ። ኋላ ብጠይቀው አያስታውስም። ይሄን ማለቱንም አያስታውስም።

አባ ዮሴፍ ለሆሳዕና መጡና ግድግዳውን ዞረው አይተው "ሰብለ፣ የፍኖተ መስቀሉንም ሸፈንሽው እንዴ?" አሉኝ። ለካስ እሱ አይሸፈንም! የሚሸፈነው መስቀሉና ሐውልቱ ነው፣ የፍኖተ መስቀሉ ስዕሎች በጾሙ ሁሉ ተገልጠው ነው የሚቆዩት፣ ሳልጠይቅ በራሴ ብልጠት የሠራሁት ሥራ ነው። ፊቴ ሲቀላ ሳቁብኝ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ጋሽ ሙሉጌታም "ጠብታውን እኔም ሰምቻለሁ አባ፣ ጣሪያውን ወጥቼ አይቸዋለሁ፣ ደረቅ ነው" አላቸው። አባ ጨርቁን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። "ሌሎቹን አውርጃቸው፣ ይሄን አስቀምጭው" አሉኝ፣ በቃ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ ባለኝ። የዳነ ሰው ታሪክ ነው፣ እማማ የሻረግ በየለቅሶውና በየማኅበሩ ሲያወሩት እኔም በደስታ አብሬያቸው አወራለሁ። ጨርቁን አጥፌ፣ ሱቄ ውስጥ ያለች የቁልፍና የክር መሳቢያ አለችኝ፣ እዚያ አስቀመጥኩት፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነበር።

ዘንድሮ ስዕሎቹን አልሸፈንኩም። ሴትዮዋ ተገልጣ ሥራዋ ላይ ናት፣ ጌታነህም አልፎ አልፎ ዓርብ ሲያደርሰኝ በበሩ አሻግሮ በእጁ ሰላም ይላታል። ባለፈው ዓርብ ግን ዚፕ ፈልጌ መሳቢያዋን ስስብ ጣቴ ሐምራዊ ሆነ። ጨርቁ እርጥብ ነው። ሰው ጨምቆ ያስቀመጠው ይመስላል። ሞቃት ነው።

ጌታነህ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር፣ ዘልዬ ግንባሩን ያዝኩት፣ "ምን ሆንሽ አንች?" አለኝ፣ ደህና ነው። እማማ የሻረግ ዘንድ ደወልኩ፣ ደህና ናቸው፣ ባሕር ዳር እናቴ ዘንድ ደወልኩ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ዘንድ፣ አብራን የምትጸልየው ነርስ ዘንድ፣ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ሐጂ "ጨርቁን አጠብሽው አይደል!" ብለው ተቆጡኝ። ሆስፒታል ሄጄ በየአልጋው ዞርኩ፣ አስታማሚ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፣ የእነሱን ፊት ጠረግሁ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ ሁለቱ እጄን ስመውኛል። ስመለስ ግን ጨርቁ እንደረጠበ ነው።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ በር ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ተሰጥቷል። ሌላው ጨርቅ ሁሉ ይደርቃል፣ እሱ አይደርቅም። የማን ላብ እንደሆነ አላውቅም፣ የማውቀው ሁሉ ደህና ነው፣ ስለዚህ የማላውቀው ሰው ነው ማለት ነው፣ እና እናንተን ደግሞ አላውቃችሁም። እባካችሁ፣ ይሄን ስትጨርሱ ተነሱና አጠገባችሁ ያለውን ሰው ግንባሩን ዳሰስ አድርጉት።